በሩን ያላንኳኳችው ተማሪ

በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ተደርጎበታል።



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሥነ ምግባር እንድናገር ሲጠይቀኝ ትንሽ ፈራሁ። ስለ ሥነ ምግባር የሚናገር ሰው ሁለት አደጋ አለበት። አንደኛው አድማጩን ማስተኛት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። (ሳቅ) ሁለተኛው ራሱን ጻድቅ አድርጎ ማቅረብ ነው። ለመጀመሪያው ዋስትና መስጠት አልችልም። ከሁለተኛው ለመዳን ግን የዛሬውን ንግግር የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የስታትስቲክስ ኮርስ እሰጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ውጤት የሚለጠፈው ዲፓርትመንቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በመታወቂያ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ሥር የነበረው ግፊያ፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ወደ ዶርም ሲሄድ፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በዚያ ኮርስ ሲ ለማግኘት ቢያንስ 50 ነጥብ ያስፈልግ ነበር።

ነጥቡ በተለጠፈ ማግሥት፣ ግሬዱ ወደ ሬጅስትራር ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ተማሪ ቢሮዬን አንኳኳ። ያገኘው 48 ነው። ዲ ከሆነበት አጠቃላይ ነጥቡ ከተፈቀደው በታች ይወርዳል፤ ይባረራል። "ቲቸር፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ናት። ቤት ስመለስ እናቴን ምን እላታለሁ?" አለኝ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፤ አለቀሰ።

"እስቲ አየዋለሁ" ብዬ ሸኘሁትና የፈተና ወረቀቱን አወጣሁ። አራተኛው ጥያቄ ላይ አካሄዱ ትክክል ሆኖ መጨረሻ ላይ ስሌቱን ተሳስቷል። እኔ መልሱን ብቻ አይቼ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ለአካሄዱ ሁለት ነጥብ ይገባዋል አልኩና ሰጠሁት። 50 ሞላ፤ ሲ ሆነ። ማታ ቤቴ ገብቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ያንኑ ክፍል ሌላ ኮርስ ላስተምር ስገባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱን ተጠግታ ትቀመጥ የነበረች አንዲት ዝምተኛ ልጅ የለችም። "የት ሄደች?" ስል፣ "ተባርራለች" አሉኝ። ቢሮ ተመልሼ የነጥብ መዝገቤን ገለጥኩ። 48። ወረቀቷን ከካርቶኑ ፈልጌ አወጣሁ። አራተኛው ጥያቄ፤ አካሄዱ ትክክል፣ ስሌቱ ስሕተት፣ የሰጠኋት ነጥብ ዜሮ።

የሁለቱ ልዩነት አንድ ብቻ ነው። እሱ በሩን አንኳኳ፤ እሷ አላንኳኳችም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም፤ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ቃላቱን እንፍታ።

ሥነ ምግባር፣ ግብረ ገብ፣ ይሉኝታ

"ሥነ ምግባር" ከግዕዝ የመጣ ቃል ነው። "ሥን" ውበት ማለት ነው፤ "ምግባር" ደግሞ ሥራ፣ አድራጎት። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሰዎች በትምህርት ቤት የተማራችሁት "ግብረ ገብ" ይባል ነበር። ሁለቱም ቃላት የሚወለዱት "ገብረ" ከሚለው ግስ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። እንግዲህ በቋንቋችን የሰው ደግነት የሚለካው በሚያስበው ሳይሆን በሚያደርገው ነው ማለት ይቻላል።

ፈረንጆቹ ኤቲክስ የሚሉት ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ልማድንና ጠባይን ይመለከታል። ሞራል የሚለው ደግሞ ከላቲን ነው፤ ሮማዊው ሲሴሮ የግሪኩን ቃል ወደ ቋንቋው ሲመልስ የፈጠረው ቃል ነው። ስለዚህ በመነሻቸው ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ስናስተምር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንለያቸዋለን። ሞራል የምንለው አንድ ሰው ወይም ማኅበረሰብ ደግ ነው፣ ክፉ ነው ብሎ ይዞት የሚኖረውን ነው። ሥነ ምግባር እንደ ትምህርት ዘርፍ ሲወሰድ ያንን የያዝነውን እምነት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ከሁለቱም የተለየ፣ እኛ ብቻ በደንብ የምናውቀው አንድ ቃል አለ፤ ይሉኝታ። "ሰው ምን ይለኛል" ማለት ነው። ይሉኝታን መናቅ አይገባም፤ ብዙ ሰው ከመጥፎ ሥራ የተቆጠበው በይሉኝታ ነው። ግን አንድ ጉድለት አለው። ይሉኝታ የሚያፍረው ከሚያየው ሰው ብቻ ነው። እኔ ያን ልጅ ፊቱን እያየሁ ዲ መስጠት አፈርኩ። እሷን አላየኋትም፤ ስለዚህ አላፈርኩም። ማንም ሳያየንም የሚጠይቀን ህሊና ነው። ህሊናዬ የነቃው ግን ወንበሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር።

ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉን። አንዱ "ዝም አይነቅዝም" ይላል። ሌላው "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላል። ልጁ ያደገው በሁለተኛው ይመስላል፤ ልጅቷ በመጀመሪያው። ሁለቱም የአባቶች ቃል ነው፤ ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ግሬድ የሚሰጥ ሰው ግን አንደኛውን አስተዳደግ ሸልሞ ሌላውን መቅጣት አይችልም።

ሦስት ሚዛኖች

ፈላስፎች ለእንዲህ ያለ ነገር የሚያቀርቧቸው ሦስት ታዋቂ ሚዛኖች አሉ። የሁለቱን ነጥብ ጉዳይ በሦስቱም ላይ እናስቀምጠው።

የመጀመሪያው ውጤትን ይመዝናል። የእንግሊዞቹ የጄረሚ ቤንታምና የጆን ስቱዋርት ሚል መንገድ ነው። አንድ ድርጊት ትክክል የሚሆነው ድርጊቱ ለሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ሲደመር ከጉዳቱ ጥቅሙ ሲበልጥ ነው ይላሉ። እኔም ያን ቀን እንዲህ ያሰላሁ መስሎኝ ነበር፤ "አንድ ልጅ ይድናል፣ ማንም አይጎዳም።" ስሌቱ ግን ጎደሎ ነበር። "ሁሉ" ከሚለው ቃል ውስጥ የቆጠርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግዴታን ይመዝናል። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ በቀላሉ ሲነገር፣ እንዲህ ነው፤ አሁን የምትሠራበት ደንብ የሁሉም ሰው ሕግ እንዲሆን ትፈቅዳለህ ወይ? የእኔ ደንብ "ያለቀሰልኝን ተማሪ ወረቀት እንደገና አያለሁ" የሚል ነበር። ይህን በሰሌዳው ላይ ብለጥፈው ኖሮ በማግሥቱ ኮሪደሩ በለቅሶ ይሞላ ነበር። (ሳቅ) ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የምናፍርበትን ደንብ ቢሮ ውስጥም ልንሠራበት አይገባም።

ሦስተኛው ሰውየውን ይመዝናል። አርስቶትል ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕ ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው ይላል፤ እንደ እጅ ሙያ። ጥያቄው "ይህን ሳደርግ ምን ዓይነት ሰው እየሆንኩ ነው?" የሚል ነው። መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ርኅሩኅ እየሆንኩ አልነበረም፤ ለመጣብኝ ሰው እምቢ ማለት የማይችል ሰው እየሆንኩ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ለልጁ ሁለት ነጥብ መስጠት ጥፋት ነው አላለም። ለአካሄድ ነጥብ መስጠት ተገቢ ነው። ጥፋቱ ለአንዱ ያደረግሁትን ለሌሎቹ አለማድረጌ ነው።

ፈተና፣ ዋጋ እና አጣብቂኝ

አሁን ወደ ሞራል አጣብቂኝ ልምጣ። ይህን ቃል ያለ ቦታው እናበዛዋለን። "ግራ ገባኝ፣ አጣብቂኝ ውስጥ ነኝ" ስንል ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለን ነው።

አንደኛው ፈተና ነው። አማርኛችን ኤግዛሙንም የልብ ፈተናውንም በአንድ ቃል መጥራቱ ይገርመኛል። ተማሪ ለመኮረጅ ሲፈልግ አጣብቂኝ ውስጥ አይደለም፤ ትክክለኛውን ያውቃል፣ ማድረጉ ነው የከበደው። ይህን በጅምላ ስንለምደው ምን እንደሚመጣ አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በኩረጃ ላይ ማሳበብ ልጆቹን መበደል ነው። ግን ሁላችንም ከየቦታችን ስናልፈው የኖርነው ነገር አንድ ቀን ተደምሮ እንደሚመጣ ያ ቁጥር አሳይቶናል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የቢሮ አለቃው ሐሰተኛ ሰነድ ፈርም ያለው ሒሳብ ሹም ትክክለኛውን ያውቃል፤ ትክክለኛው ግን እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ይህ ከባድ ነው፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ላይ ደግሞ በቀላሉ መፍረድ አይገባም። ቢሆንም ጥያቄው "የቱ ነው ትክክል?" ሳይሆን "አቅሙ አለኝ ወይ?" የሚል ነው።

እውነተኛው አጣብቂኝ ሦስተኛው ነው። ሁለት እውነተኛ ግዴታዎች ይጋጫሉ፤ የትኛውንም ብትመርጥ አንዱን ትበድላለህ። ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርተር እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ንግግር የአንድ ተማሪውን ታሪክ ተናግሯል። የወጣቱ ታላቅ ወንድም እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመኖች ወረራ ተገድሏል። ወጣቱ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከነጻ ፈረንሳይ ጦር ጋር መዋጋት ይፈልጋል። እናቱ ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያጽናናት የላትም። አገር ወይስ እናት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በየክፍሉ የምናስተምረው ሌላም ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊቷ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበችው ነው። ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የከተማ ባቡር እየበረረ ነው፤ በአንዱ ሐዲድ ላይ አምስት ሰዎች፣ በሌላው ላይ አንድ ሰው አለ። ነጂው ወደ የትኛው ይምራው? ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ተማሪዎችም ይወዱታል። በራሴ ሕይወት ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። በዚያ ታሪክ ሐዲዱ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ይታያሉ፤ ቁጥራቸውም ይታወቃል። በቢሮ፣ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በቀበሌ ግን ከሐዲዱ በአንደኛው ላይ የቆመው ሰው አይታየንም። አንዱ ፊታችን ቆሞ ያለቅሳል፤ ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሏል።

ዕዳው

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ወረቀቷን ይዤ ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ሄድኩ። የማስተካከያ ጊዜው አልፏል። "የተለየ ምክንያት ካለህ ጻፍና ለኮሚሽን እናቅርበው" አለኝ። የተለየ ምክንያት ነበረኝ። ግን ያን ምክንያት ሙሉውን ከጻፍኩ የልጁንም ሁለት ነጥብ መጻፍ አለብኝ። ያ ነጥብ ከተሰረዘ ልጁ በሴሚስተሩ መካከል ይባረራል። እሱ ምን አጠፋ? መምህሩን ከመለመን በቀር ያደረገው ነገር የለም። ካልጻፍኩ ደግሞ እሷ በእኔ ጥፋት እንደተባረረች ትቀራለች።

እንግዲህ አጣብቂኝ ማለት ይህ ነበር። የፈጠርኩትም እኔው ነኝ።

የመረጥኩት መካከለኛውን መንገድ ነው። ስለ ልጁ ምንም ሳልጽፍ፣ ልጅቷ ብትመለስ ብቁ መሆኗን የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰች። ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። በምረቃዋ ቀን አባቷ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ስለ ደብዳቤው ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። እሷም አመሰገነችኝ። እኔም "ምንም አይደል" አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቃሉ ግን ውሸት አይመስልም።

በርናርድ ዊሊያምስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። ሁለት ግዴታዎች ሲጋጩ አንዱን በትክክል ብትመርጥ እንኳ ያልፈጸምከው ግዴታ ተሰርዞ አይጠፋም፤ ጸጸቱ ይቀራል፣ መቅረቱም ተገቢ ነው ይላል። እኔ በአማርኛ ዕዳ እለዋለሁ። ከአጣብቂኝ የምንወጣው ዕዳ ይዘን ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከመረጥን በኋላ "ምርጫ አልነበረኝም" ብለን መዝገቡን ስንዘጋ ነው። ምርጫ ስላልነበረን ዕዳ የለብንም ማለት አይደለም።

ይህን ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ በመጀመሪያ ያደረግሁት ለእሷ ስልክ መደወል ነበር። ዛሬ የራሷን ሥራ የምትመራ፣ የልጆች እናት ናት። ከአራተኛው ጥያቄ ጀምሬ ሁሉን ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "መምህር፣ ያኔ ቢነግሩኝ ይሻል ነበር" አለች። "ያን ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር ያሳለፍኩት።"

ሁለት ነጥቧን የወሰድኩባት መስሎኝ ነበር። የወሰድኩባት ግን ስለ ራሷ የምታስበውን ነው፤ ያንን በደብዳቤ መመለስ አልተቻለም። ይቅርታ ጠየቅኋት። ታሪኩን ስሟን ሳልጠራ እንድናገር ፈቀደችልኝ። "ይቅር ብያለሁ" አላለችኝም፤ እኔም እንድትል አልጠየቅኋትም። ለመናገር የሚያስፈልገኝ ድፍረት ነበር፤ ይቅር ለማለት የሚያስፈልገውን ጊዜ መወሰን ግን የእሷ ድርሻ ነው።

ለዛሬዎቹ መምህራን ከዚህ ያተረፍኩትን ሦስት ልምድ ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ የሠራሁባቸው ናቸው።

አንደኛ፣ ውጤት ከመለጠፌ በፊት ከመቁረጫው ነጥብ በታች ሁለትና ሦስት ነጥብ የጎደላቸውን ወረቀቶች ሁሉ፣ ስማቸውን ሸፍኜ፣ እንደገና አርማለሁ። ያንኳኳም ያላንኳኳም እኩል ይታያል። አንድ ማታ ይፈጃል፤ ከዚያ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ ይዞ የመጣ ተማሪ ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ እሱን አርሜ አልተውም። ያው ስሕተት በሌላ ወረቀት ላይ አለ ወይ ብዬ የክፍሉን ሁሉ እፈትሻለሁ። አቤት ያለ ሰው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚጮኸው፤ ዝም ላለውም መንገድ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ስሳሳት ቶሎ እናገራለሁ። ስሕተት እንደ አራጣ ነው፤ በቆየ ቁጥር ይወልዳል።

ይህ ለመምህራን ብቻ የተባለ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ መሐንዲሶች፣ የባንክ ሰዎች አላችሁ። ሁላችሁም በር አላችሁ፤ የሚያንኳኳ ሰውም አላችሁ። ለሚያንኳኳው በጎ አድርጉ፤ ርኅራኄን አትጣሉ። ግን እሱን ከሸኛችሁ በኋላ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እዩና ጠይቁ፤ ከእሱ ጋር እኩል ነጥብ ኖሮት ያልመጣው ማን ነው?